«በ5 ማይል ክልል ውስጥ ሌላ ሱቅ እንዳትከፍት» የሚለው የኪራይ አንቀጽ

አሜሪካ ውስጥ በገበያ ማዕከል ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለመከራየት የተዘጋጀ ሰው በውሉ ላይ «የሬዲየስ ገደብ»፣ ማለትም ከሱቁ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ሌላ ሱቅ መክፈትን የሚከለክል አንቀጽ፣ ሲያጋጥመው ግራ ይገባዋል። ከዚህ ግቢ ውጭ ለምሠራው ሥራ አከራዩን ምን አገባው? ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ምስጢሩ ያለው በኪራዩ ስሌት ላይ ነው። ብዙ የገበያ ማዕከሎች ከመነሻ ኪራይ በተጨማሪ ከሽያጭ ድርሻ ይወስዳሉ። መነሻ ኪራዩ በዓመት 60,000 ዶላር ነው እንበል፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ1,000,000 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ካለፈው ላይ 6 በመቶ ይከፈላል። 1,400,000 ዶላር የሸጠ ተከራይ 24,000 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው። ይኸው ተከራይ 3 ማይል ያህል ርቆ ሁለተኛ ሱቅ ቢከፍትና የ400,000 ዶላሩ ገበያ ወደዚያ ቢዞር፣ አከራዩ ያቺን 24,000 አያገኛትም። አንቀጹ የገባው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

ገደቡን የጣሰ ሁሉ ሱቁን ይለቃል ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ውሎች የአዲሱን ሱቅ ሽያጭ በነባሩ ላይ ደምረው ድርሻውን ያሰላሉ።

የሚያስገርመው የሽያጭ ድርሻ በሌለበት ውል ውስጥም አንቀጹ እንዳለ ተገልብጦ መገኘቱ ነው። እዚያ ላይ ይሰረዝልኝ ማለት ያስኬዳል። ካልተሰረዘም ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው፦ ርቀቱ የሚለካው በቀጥታ መስመር ነው ወይስ በመኪና መንገድ? ቀድሞ የተከፈተ ሱቅስ ይነካል? የንግድ ሸሪክንና የትዳር ጓደኛንስ ይይዛል?