ስኮፕ ምንድን ነው? በተለይ ፈንክሽን ውስጥ ሌላ ፈንክሽን ሲኖር

ስኮፕ ማለት አንድ የቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት መያዣ) ስም የሚታወቅበት የኮድ ክልል ነው። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ውስጥ ሌላ ፈንክሽን ሲጻፍ ነው።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እንየው። ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ስለሚቀበል ስሞቹን በአማርኛ እናድርጋቸው። «ጀምር» የሚባል ፈንክሽን አለን። ውስጡ ቆጣሪ = 0 ብለናል። እዚያው ውስጥ ደግሞ «ጨምር» የሚባል ሁለተኛ ፈንክሽን ጽፈናል። «ጨምር» ቆጣሪን ፕሪንት ብቻ ካደረገ (ዋጋውን ስክሪን ላይ ካሳየ) ችግር የለም፤ 0 ይወጣል። ፓይተን ስሙን መጀመሪያ «ጨምር» ውስጥ ይፈልጋል። ካጣው ወደ «ጀምር» ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ግሎባል (ከሁሉም ፈንክሽን ውጭ ወዳለው ክልል)፣ በመጨረሻም ራሱ ፓይተን ይዟቸው ወደሚመጣ ስሞች። ፍለጋው ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ነው። «ጨምር» ውስጥ የተፈጠረን ስም «ጀምር» አያየውም።

አሁን «ጨምር» ውስጥ ይህችን መስመር እናስገባ፦

ቆጣሪ = ቆጣሪ + 1

ፈንክሽኑ ሲጠራ አንባውንድ ሎካል ኤረር (UnboundLocalError) የሚባል ስህተት ይመጣል። ጀማሪ እዚህ ላይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ቅድም ያየውን ስም አሁን እንዴት አጣው?

ፓይተን ስሙ የማን እንደሆነ የሚወስነው መስመሩ ላይ ሲደርስ አይደለም። ገና ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ (ከመሠራቱ በፊት ሲተረጎም) ወስኖ ጨርሷል። ፈንክሽኑ ውስጥ የትም ቦታ ለስሙ ዋጋ ከተሰጠ፣ ስሙ ከላይ እስከ ታች የዚያ ፈንክሽን ሎካል (የራሱ ብቻ) ነው። ስለዚህ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለው ቆጣሪ የ«ጀምር» አይደለም፤ ገና ምንም ያልተቀመጠበት የ«ጨምር» ቆጣሪ ነው። ከመስመሯ በላይ የቆጣሪ ፕሪንት ብትጨምሩ ደግሞ ኤረሩ ቀድሞ ፕሪንቱ ላይ ይመጣል። ይህን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት፤ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

መፍትሔው «ጨምር» ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ፣ ኖንሎካል (nonlocal) ብሎ ቆጣሪን መጥቀስ ነው። ያኔ ፓይተን አዲስ አይፈጥርም፤ የ«ጀምር»ን ቆጣሪ ይቀይራል። ኖንሎካል የመጣው በ2008 ከፓይተን 3.0 ጋር ነው። ከዚያ በፊት ሰው ቁጥሩን ሊስት ውስጥ ከትቶ የሊስቱን ይዘት ይቀይር ነበር። በኖንሎካል ፈንታ ግሎባል ማለት ግን አይሠራም፤ «ጀምር»ን ዘሎ ከሁሉም ፈንክሽን ውጭ ወዳለው ስም ይሄዳል።

ጃቫስክሪፕት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዋጋ ስትሰጡ ሌት (let፣ አዲስ ቫሪያብል ማወጃ ቃል) ካላላችሁ የውጪው ቫሪያብል ይቀየራል፤ ሌት ካላችሁ አዲስ ይፈጠራል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገሩ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።