ጄሊፊሽ ጋላክሲ ምንድን ነው?

ጄሊፊሽ የምትባለውን የባሕር እንስሳ በፎቶ አይታችኋት ይሆናል። ከላይ ጃንጥላ የመሰለ አካል፣ ከሥሩ የሚንሳፈፉ ረጃጅም ክሮች። ሰማይ ላይም እሷን የሚመስሉ ጋላክሲዎች፣ ማለትም በስበት የተያያዙ ግዙፍ የኮከቦችና የጋዝ ስብስቦች፣ አሉ። ሲያዩዋቸው ውብ ናቸው፤ ግን ያ ክር የሚመስለው ነገር ጋላክሲው እየተቀማ ያለው የራሱ ጋዝ ነው።

ጋላክሲ አዲስ ኮከብ የሚሠራው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ ካለቀ ልደቱም ያበቃል። አንዳንዱ ጋላክሲ ገለል ብሎ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው ወደሚኖሩበት ክላስተር ይገባል። እዚያ በጋላክሲዎቹ መሃል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ሞልቶበታል። በጣም ስስ ነው፣ በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ ቢፈለግ ጥቂት ቅንጣት ቢገኝ ነው።

ታዲያ ይሄ ምን ጉልበት አለው? ጉልበቱ ከፍጥነት ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በሞተር ሳይክል ስትከንፉ አየሩ ፊታችሁን ይገርፋችኋል አይደል? ጋላክሲውም በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲከንፍ ያ ስስ ጋዝ ነፋስ ይሆንበታል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ኮከቦቹ ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ንቅንቅ አይሉም። ጋዙ ግን ተጠርጎ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን በ1972 በስሌት ያሳዩት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ጋን እና ሪቻርድ ጎት ናቸው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ኢኤስኦ 137-001 የሚባለው ጄሊፊሽ ጋላክሲ ነው። 220 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)፣ ኖርማ በሚባል ክላስተር ውስጥ ይገኛል። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ከኋላው ያየው ጭራ ወደ 260 ሺህ የብርሃን ዓመት ይረዝማል። ደግሞ ጭራው ውስጥ፣ ከጋላክሲው ውጭ ማለት ነው፣ አዳዲስ ኮከቦች እየተወለዱ ነው!

በ1980 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አላን ድሬስለር 55 ክላስተሮችን አጥንቶ ነበር። ያገኘውም ይህን ነው፦ ጋላክሲዎች በተፋፈጉበት ቦታ ጠመዝማዛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት ድቡልቡሎቹና ጋዝ አልባዎቹ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ነፋሱ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የጋላክሲዎች ግጭትና ውህደትም አለበት።

የእኛው ጋላክሲ ሚልኪ ዌይም ቢሆን በዙሪያው ስስ የጋለ ጋዝ አለው። አጠገቡ የሚዞሩትን ትናንሽ ጋላክሲዎች ብታዩ፣ የማጀላን ደመናዎች ከሚባሉት ሁለት ጋላክሲዎች በቀር፣ አብዛኞቹ ጋዛቸው ተሟጧል። ራቅ ብለው ያሉት ግን እስካሁን ጋዛቸውን ይዘዋል።