የአካባቢ ደመወዝ ልዩነት ምንድን ነው? የኤግዚኪዩቲቭ አሲስታንት ክፍያና የኑሮ ውድነት

ሁለት ኤግዚኪዩቲቭ አሲስታንቶች አሉ እንበል። ሁለቱም የአለቃቸውን ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ጉዞ ያመቻቻሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ፣ ለቦርድ የሚቀርበውን ሰነድ አሰናድተው ያደርሳሉ። የትኛው ጉዳይ ዛሬውኑ አለቃው ጋ ይግባ፣ የትኛው ለሳምንት ይቆይ የሚለውን የሚለዩትም እነሱ ናቸው። ቀጣሪያቸው አንድ ድርጅት ነው። የሥራ መደባቸውም አንድ ነው። የሚሠሩበት ከተማ ብቻ ይለያያል። የአንደኛዋ ደመወዝ ግን ከሌላኛዋ በሲሶ ይበልጣል።

የአካባቢ ደመወዝ ልዩነት የሚባለው ይህ ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ፣ በሥራ ቦታው ምክንያት ብቻ የሚመጣ የክፍያ ልዩነት።

ብዙ ሰው ይህን የኑሮ ውድነት ማካካሻ አድርጎ ይወስደዋል። ኑሮ ሲወደድ ቀጣሪው አዝኖ ይጨምራል የሚል ግምት አለ። እውነቱ ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ቀጣሪ የቤት ኪራያችሁ ስንት እንደሆነ አይመለከትም። የሚያየው እናንተን የመሰለ ሰው በዚያ ከተማ በስንት ደመወዝ እንደሚገኝ ነው። አንደኛው የኑሮ ዋጋ ነው፣ ሌላኛው የሥራ ገበያ ዋጋ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ትልልቅ ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በአንድ ከተማ ሲያከማቹ፣ ጥሩ ረዳት የሚፈልግ ሥራ አስፈጻሚ ይበዛል፣ ደመወዝ ከፍ ይላል። እዚያው ከተማ ቤት የሚፈልገውም ሰው ይበዛል፣ ኪራይም አብሮ ከፍ ይላል።

አብረው የማይሄዱበት ቦታም ሞልቷል። ጎብኚ የሚጎርፍበትን የባሕር ዳርቻ ከተማ አስቡት። ኪራዩ ሰማይ የነካው እረፍት በሚያሳልፉ ሀብታሞች ምክንያት ነው። ዋና መሥሪያ ቤት ግን የለበትም። ስለዚህ ረዳት የሚቀጥረው ጥቂት ነው፣ ክፍያውም ዝቅ ያለ ነው። እዚያ የምትሠራ ሴት “ኑሮው እኮ ውድ ነው” ብላ ብትከራከር ትክክል ናት፤ የቀጣሪው ሠንጠረዥ ላይ ግን ያ ዓምድ የለም።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አሠራር ይህን በግልጽ ያሳያል። “ሎካሊቲ ፔይ” የሚባል የአካባቢ ጭማሪ አለው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፣ ክፍያው በ1994 ተጀመረ። በ2024 ጭማሪው በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 45.41 በመቶ ነበር። የተለየ ተመን ባልተሰጣቸው የአገሪቱ ክፍሎች ደግሞ 16.82 በመቶ። ቁጥሩን ያየ ሰው የኪራይ ልዩነት ነው ሊል ይችላል። ስሌቱ ግን የሚነሳው ከኪራይ አይደለም። በየአካባቢው ከፌዴራል መንግሥት ውጭ ያሉ ቀጣሪዎች ለተመሳሳይ ሥራ ምን ያህል እንደሚከፍሉ ተጠንቶ፣ ክፍተቱን ለማጥበብ የሚሰጥ ነው።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። ሁለቱ አስተሳሰቦች አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፕሮፌሽናል በሚባለው ምድብ ያለው አለቃ መነሻ ደመወዙ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው። በዚያ ላይ ፖስት አጀስትመንት የሚባል ጭማሪ አለው። ይህ ጭማሪ ኒው ዮርክን መነሻ አድርጎ የየከተማውን የኑሮ ዋጋ ይከተላል። ከእሱ ቢሮ በር ላይ የምትቀመጠው ረዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀነራል ሰርቪስ በሚባለው የድጋፍ ሠራተኞች ምድብ ውስጥ ናት። የእሷ ክፍያ የሚመራው በፍሌሚንግ መርህ ነው። መርሁ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 ከነበረ የባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። በአካባቢው ጥሩ ከሚከፍሉት ቀጣሪዎች ጋር የሚስተካከል ደመወዝ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ፣ ደመወዛቸው የሚለካው በተለያየ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። የኑሮ ውድነት መለኪያ ቁጥሮች (ኢንዴክስ የሚባሉት) አጠቃቀማቸው ቀላል ነው። የአሁኑን ደመወዝ በአዲሱ ከተማ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ በድሮው ከተማ ቁጥር ታካፍላላችሁ። አንዲት ረዳት በወር 20,000 የተጣራ ደመወዝ ታገኛለች እንበል። የገንዘቡ ስም ምንም ይሁን። የምትኖርበት ከተማ ቁጥር 100፣ የምትዛወርበት 130 ቢሆን፣ 26,000 ብታገኝ አልተጎዳችም ማለት ነው። ድርጅቱም ያቀረበላት ልክ 26,000 ነው። በወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ወጪዋን ዘርዝረን እንየው። በድሮው ከተማ ለኪራይ 6,000፣ ለትራንስፖርት 1,500፣ ለቀለብና ለሌላው 7,500 ታወጣለች። ድምሩ 15,000፣ የሚተርፋት 5,000 ነው። በአዲሱ ከተማ ኪራዩ 11,000፣ ትራንስፖርቱ 2,500፣ ቀሪው 9,000 ሆነ። ድምሩ 22,500። የሚተርፋት 3,500 ብቻ። ደመወዟ በ30 በመቶ ሲያድግ ወጪዋ በ50 በመቶ አደገ። ቢያንስ ያንኑ 5,000 ለማስቀመጥ እንኳ 27,500 ያስፈልጋት ነበር።

ኢንዴክሱ ዋሸ ማለት አይደለም። የአንድን ከተማ አማካይ ነዋሪ ነው የሚለካው። በአማካዩ ውስጥ የራሱ ቤት ያለው ሰው አለ። ከዓመታት በፊት በርካሽ ተከራይቶ እስካሁን ያልለቀቀም አለ። አዲስ ገቢዋ ግን ቤት የምታገኘው በዛሬው ዋጋ ነው። ለማንኛውም ተዛዋሪ ትልቁ ጉድጓድ ይህ ይመስለኛል። ኢንዴክስ ስታዩ ደግሞ ለማን እንደተሠራ አጣሩ። አንዳንዱ የሚሰላው ድርጅታቸው ወደ ውጭ ለሚልካቸው ኃላፊዎች ነው። ቅንጡ አፓርታማና የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ክፍያ ይገባበታል። ለረዳት ኑሮ አይሆንም።

በዚህ ሙያ ላይ የሚጨመር ሌላም ነገር አለ። ኤግዚኪዩቲቭ አሲስታንት ከአለቃዋ ቀድማ ትገባለች። ስብሰባው ሲመሽ አብራ ታመሻለች። በረራ ሲሰረዝ በእኩለ ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለእሷ ነው። ስለዚህ “ከከተማ ዳር ርካሽ ቤት ተከራይ” የሚለው ምክር ለእሷ አይሠራም። ወይ ቢሮው አጠገብ በውድ ትከራያለች፣ ወይ ለምሽት ታክሲ ገንዘብ ታወጣለች። ሥራ አስፈጻሚዎች ቢሮ የሚይዙት ደግሞ ከተማው መሀል፣ በጣም ውድ በሆነው ሰፈር ነው። የከተማው አማካይ ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። አለቃውና ረዳቷ አንድ ሰፈር ቢውሉም፣ የሰፈሩ ኪራይ ከእሱ ደመወዝ ትንሽ ነው የሚቆርሰው። የእሷን ግን ግማሹን ካልበላው ጥሩ ነው።

ግብርም አይረሳ። ገቢ ሲጨምር የግብር ምጣኔው በሚያድግበት አገር፣ ባልተጣራው ደመወዝ ላይ የተደረገ 30 በመቶ ጭማሪ እጅ ላይ ሲደርስ ከ30 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ ስሌቱ ሁሌም በተጣራው ይሁን።

ከቤት የሚሠራ ሰውስ? እዚህ ድርጅቶች ተለያይተዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2020 ከርቀት የሚሠሩ ሠራተኞቹ ደመወዝ በሚኖሩበት አካባቢ እንደሚወሰን አስታውቋል። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ለየአካባቢው የተለየ ማባዣ ቁጥር ይጠቀማል፤ መነሻውም የኑሮ ዋጋ ሳይሆን የሥራ ገበያ ዋጋ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። አንዳንዶች ደግሞ የትም ኑሩ አንድ ዋጋ እንከፍላለን ይላሉ። ለእኔ የመጨረሻው ለረዳቶች ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። የአለቃውን ቀን መቁጠሪያ የምታስተካክለው ሴት የምትሰጠው ዋጋ መንደሯን ስትቀይር አይቀንስም። ቀጣሪው ግን በርካሽ የሚገኝ ሰው እያለ ለምን ብዙ ልክፈል ሊል እንደሚችል ይገባኛል።

እንግዲህ ሁለት ሒሳብ ያዙ፣ አታደባልቋቸው። አንዱ ለድርድር ነው። በዚያ ከተማ፣ በዚያ ደረጃ ላለ አለቃ የሚሠሩ ረዳቶች ስንት ያገኛሉ? ደረጃው ወሳኝ ነው። የዋና ሥራ አስፈጻሚ ረዳት ክፍያ ከመምሪያ ኃላፊ ረዳት ጋር አይወዳደርም። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ይህ ቁጥር ነው። “ኪራይ ከበደኝ” ብትሉ አለቃችሁ ያዝንላችሁ ይሆናል፤ “እዚህ ከተማ ለዚህ መደብ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው” ስትሉት ግን ለሰው ሀብት ክፍሉ ይዞት የሚሄደው ነገር ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ሒሳብ ለራሳችሁ ብቻ ነው። ዛሬ ማስታወቂያ ከወጣባቸው ቤቶች የኪራይ ዋጋ፣ የምሽት ትራንስፖርት፣ የተጣራ ደመወዝ። ከዚያ በወር መጨረሻ የሚተርፈውን ካሁኑ ጋር አስተያዩ። ካነሰ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ከደመወዝ ውጭ ያለውን ጠይቁ፦ የቤት አበል፣ የመዛወሪያ ወጪ፣ አምሽታችሁ ስትሠሩ የሚቀርብ የመኪና አገልግሎት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት። የደመወዝ ሠንጠረዡ አልላወስ ያለው ድርጅት እነዚህን ለመስጠት ብዙ ጊዜ እጁ ይፈታል።