የሰረቀውና የፋቀው፦ የጣና ዳር ዕቃ ቤቶችና የአሮጌ ነገር አያያዝ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወርደው በቡናው መሃል ትንሽ ሽቅብ ከተራመዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይተው ሲጨርሱ አስጎብኚው "ሙዚየሙም አለ" ይላል። እዚያ ዘውድ አለ፣ መስቀል አለ፣ ካባ አለ፣ የብራና መጽሐፍ አለ። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። የአገሩ ሰው ደግሞ ከመስቀሉ ፊት ያማትባል።

"ሙዚየም" የሚለው ስም ለጣና አዲስ ነው። ሥራው ግን የቆየ ነው። ድሮም ስሙ ዕቃ ቤት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ ብላ የምትሠራ ትንሽ ቤት ናት። ንዋየ ቅድሳቱ እዚያ ይቀመጣል፤ ቁልፉም ለታመነ ሰው ይሰጣል። ነገሥታትና መኳንንት የሰጡት ሥጦታ፣ ምእመኑ በስለት ያስገባው፣ መነኮሳቱ ራሳቸው የጻፉት፣ ሁሉም እዚያው ነው።

ለምን ጣና? ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ ሃያ በሚሆኑት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ። ውኃው አጥር ነው። ጠላት በፈረስ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ይቆማል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት፣ ኋላም በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ መሸሽ የሚገባው ነገር ወደ ደሴት ነበር የሚሸሸው። ውኃውም ሁልጊዜ አላዳነም፤ ግን ከየብስ ይሻል ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እንዳለ ገዳሙ ይናገራል። ነገሥታቱ ሬሳቸውን ያመኑበት ቦታ ለመጽሐፍ ቢታመን አይደንቅም።

አያያዙም ጥበብ ነበረው። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ስለዚህ መጽሐፉን በሁለት የእንጨት ገበታ መሃል ጠበቅ አድርጎ መጠረዝ ያስፈልጋል። ገበታው ለጌጥ አይደለም፤ ብራናው እንዳይጠቀለል የሚጫነው እሱ ነው። ከዚያ ማኅደር ይሠራለታል። ማኅደር የቆዳ ከረጢት ነው፤ ማንገቻ አለው። መጽሐፉ ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ ካለ የእንጨት ካስማ ይንጠለጠላል። ከመሬት ራቀ ማለት ከርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ራቀ ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ ነው፤ ብርሃን ቀለሙን አይበላውም። አሁን በሠለጠነው ሙዚየም የሚታዘዘው ብዙው ነገር እዚህ ካስማ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ካስማውም ማኅደሩም አይደለም። የመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠል ላይ የምትገኘው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።" የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የሰረቀው መወገዙ ይገባል። የፋቀውስ ለምን? መጽሐፉ ላይ ያሠራው ሰው ስም፣ የተሰጠበት ገዳም ስም ተጽፏል። ያንን የፋቀ ሰው መጽሐፉን ከቦታው ባያነሳውም ከታሪኩ ለይቶታል። ጸሐፊው ሁለቱን እኩል ወንጀል አደረጋቸው። የዛሬ ሙዚየም ባለሙያ በትልቅ ሥልጠና የሚማረውን ነገር ደብተራው በአንድ መሥመር ጨርሶታል።

መዝገቡም እዚያው ነበር። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የከበረ ወንጌል አላቸው። ባዶው ቅጠል ላይ የርስት ጽሑፍ፣ የሥጦታ ዝርዝር፣ ይህን ያህል መስቀል፣ ይህን ያህል ልብሰ ተክህኖ እየተባለ ይጻፍበታል። ወንጌል ላይ የተጻፈን ነገር ደፍሮ የሚያጠፋ ብዙ የለም። ካዝና ውስጥ ከተቀመጠ መዝገብ ይሻላል።

አሁን ያለው የሙዚየም አሠራርም በመሠረቱ ያው ነው፤ መሣሪያው ነው የተለየው። አንድ ዕቃ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ዕቃው ላይ በማይጎዳ ቦታ ይጻፋል፤ መዝገብ ላይም ይጻፋል። ከማን መጣ፣ መቼ፣ ከየት፣ ልኩ ስንት ነው፣ የት ጋ ተሰብሯል፣ ሁሉም ይመዘገባል። ፎቶ ይነሳል። ለብራናና ለጨርቅ የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። የአየሩ ርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከቁጥሩ በላይ ግን ከፍ ዝቅ አለማለቱ ነው ወሳኙ። ባሕር ዳር ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሚያዝያ ላይ አየሩ ደርቆ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ሐምሌ ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል።

ብዙ ሰው በነጭ ጓንት መጽሐፍ መግለጥ የባለሙያ ምልክት ይመስለዋል። ለብራና አሁን የሚመከረው ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅ ነው። ጓንት የቅጠሉን ጫፍ ስለማያስለይ ይቀድዳል። ጓንት ለብረት ነው፤ የእጅ ላብ ብርና ነሐስ ላይ አሻራ ይተዋልና።

አንድ ነገር ላይ ግን ዕቃ ቤትና ሙዚየም አይስማሙም። ሙዚየም ያስቀመጠውን አያስነካም። ዕቃ ቤት ግን በበዓል ቀን ይከፈታል። ጸናጽሉ ወጥቶ ይጸነጸላል፤ ከበሮው ይመታል፤ ካባው ይለበሳል፤ መስቀሉን ሕዝቡ ይሳለመዋል። የጥበቃ ባለሙያ ይህን ሲያይ ላብ ላብ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ትክክልም ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣ ካባ ያልቃል። እኔ ግን ለገዳሙ አደላለሁ። መስታወት ውስጥ ዝም ያለ ጸናጽል ግማሹ ጠፍቷል። የሚያዋጣው መሃል መንገድ ይመስለኛል፦ የተጎዳው ይረፍ፣ ጠንካራው ያገልግል፣ አዲስም ይሠራ።

ማካፈሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ፣ ሥዕል ያለበት ትልቅ ወንጌል አለው። የኢትዮጵያ የብራና ሥዕል ሲነሳ ስሙ የማይቀር ነው። ግን ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴት አትገባም። ሥርዓቱ ነው፤ ከጀልባ ማቆሚያው አታልፍም። ስለዚህ የአገሪቱ ግማሽ ሰው ያንን ወንጌል በዓይኑ ሊያየው አይችልም። እዚህ ላይ ነው ቅጂ የሚያስፈልገው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስቶ ኋላ ዝርዝራቸውን አሳተመ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በመላ አገሪቱ እየዞረ ወደ 9,000 ገደማ መጻሕፍትን አነሳ። የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። ሚኒሶታ ለዓመታት ተቀምጠው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየመረመሩ የመዘገቡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ ተማሪዋ ኮምፒውተር ከፍታ የምታነበው ነገር የእነዚህ ሰዎች ልፋት ነው። ፎቶ መጽሐፉን አይተካም። መጽሐፉ ቢጠፋ ግን "የእኛ ነው" ለማለት ያግዛል።

መጥፋቱ ወሬ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍ አብዛኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቡት ነበር። ከዚያም በኋላ አላበቃም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኘ፤ ኋላም ተመለሰ። ያን መስቀል ዓለም ያውቀዋል። ፎቶ ያልተነሳ፣ ያልተመዘገበ የገጠር መስቀል ቢሰረቅስ? በየትኛው ማስረጃ ይጠየቃል?

ከገዳሙ ወጥተን ወደ ከተማው እንመለስ። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው እየበዛ ነው። ካፌውና ሆቴሉ ለጌጥ ይፈልገዋል፦ እንስራ፣ አገልግል፣ ወፍጮ፣ የድሮ ሬዲዮ። ሌላው ለፍቅሩ ይሰበስባል። የሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስብ አለ፤ የድሮ የብር ኖት የሚሰበስብ አለ። ካሴት የጣሉ ሰዎች አሁን ካሴት ይፈልጋሉ። በጣም የሚፈለገው ግን ጠገራ ብር ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለው። ይህ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እየያዘ ለረጅም ጊዜ ተመትቷልና። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። የምኒልክ ብር ደግሞ 1887 ዓ.ም. የሚል አለበት፤ የተመታው ፓሪስ ነው።

እኔም አንድ ጠገራ ነበረኝ። ከአያቴ አንገት የወረደ፣ ማንጠልጠያ የተበየደበት። ጠቁሮ ስላገኘሁት በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። አበራ! ደስ አለኝ። በኋላ የሚያውቅ ሰው ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን ዕድሜው ነበር። እጄን በቆረጠው አልኩ። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ አያቴ በሕይወት ሳለች ከማን እንዳገኘችው አልጠየቅኳትም። የተፈተገው ብር ጊዜ ሲያልፍ መልሶ ይጠቁራል። ያልተጠየቀው ግን ቀርቷል።

ለቤት ሰብሳቢ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ከፀሐይ ማራቅ፣ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ክረምት ላይ እየከፈቱ ማናፈስ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አለማፈን። ቆዳን ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ አይጥ መጥራትም ነው። ደብተር ገዝቶ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አምስት መሥመር መጻፍ ከሁሉ ይበልጣል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የያዘ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። በሌላ በኩል ገበያው ውስጥ "የድሮ ነው" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የድሮ አይደለም። ትናንት የተጻፈ ክታብ በጭስ ጠቁሮ፣ ጥግ ጥጉ ተቀዶ የ200 ዓመት ሽማግሌ ይሆናል። ሻጩ የሚናገረው ታሪክ በጣም ካማረ ቦርሳ መያዝ ነው።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይሰበሰብም። የደንገል ታንኳ ሐይቁ ዳር ዛሬም ይታያል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይታሠራል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ይበሰብሳል። ሌላ ይሠራል። ሙዚየም ውስጥ ቢያቆሙት ደርቆ ይፈረካከሳል፤ ቢቆይም ጭድ ነው። መቀመጥ ያለበት አሠራሩ ነው፦ የትኛው ደንገል ይመረጣል፣ ማሠሪያው ከምን ይሠራል፣ አፍንጫው እንዴት ቀና ይላል። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደንገሉ ላይ ተንበርክከው ሲሠሩ፣ አንድ ልጅ አጠገባቸው ገመድ ይዞ ሲያቀብል ማየት ይቻላል። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሊቀርጸው ይችላል። አስፈቅዶ፣ ስማቸውንም ጠይቆ።