ራማያናና ማሃባራታ በቴሌቪዥን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ራማያናና ማሃባራታ የጥንት ሕንድ ሁለት ታላላቅ የግጥም ታሪኮች ናቸው። የሕንድ መንግሥት ቴሌቪዥን ዱርዳርሻን ራማያናን በድራማ ማሳየት የጀመረው ጃንዋሪ 25 ቀን 1987 ነው፤ ማሃባራታ ኦክቶበር 2 ቀን 1988 ተከተለ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ራማናንድ ሳጋር በ78 ክፍል፣ ሁለተኛውን ቢ. አር. ቾፕራና ልጁ ራቪ በ94 ክፍል ሠሩት። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ይላል፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ይሰበስባል፣ አንዳንዱም ቴሌቪዥኑ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርጎ ዕጣን ያጨሳል። ሁለቱም ታሪኮች ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ተሠርተዋል። ለምን እንደማይሰለቹ ሲወራ ግን ብዙ የተጣመመ ነገር ይሰማል።

«ሰው ያየው ሌላ ጣቢያ ስላልነበረ ነው»

ግማሹ ልክ ነው። ያኔ ዱርዳርሻን ተፎካካሪ አልነበረውም። ነገር ግን ስታር ፕላስ በ2013 ማሃባራታን እንደ አዲስ ሠርቶ በ267 ክፍል ሲያሳይ ተመልካቹ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በእጁ ነበሩ፤ ድራማው ግን ተወደደ። በ2008 ናይን ኤክስ የተባለው ጣቢያ ያቀረበው ማሃባራታ ደግሞ ያው ታሪክ ሆኖ ሳለ ወደቀ። በአለባበሱና በአቀራረቡ ክፉኛ ተተችቶ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። ስለዚህ የጣቢያ ማነስም ሆነ የሃይማኖት ፍቅር ብቻውን ተመልካች አያቆይም።

«መጨረሻው የታወቀ ታሪክ አያጓጓም»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። የሳጋር ራማያና በ1988 በዋናው ጀግና በልዑል ራማ ንግሥ ሊያበቃ ሲል በጃላንዳር ከተማ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው የራማ መንትያ ልጆች የላቫና የኩሻ ታሪክም ይታይ የሚል ነበር። ልጆቹን ያሳደጋቸው ራማያናን ደረሰ የሚባለው ባለቅኔ ቫልሚኪ ነው፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ቫልሚኪን አባታችን የሚሉ ናቸው። የታሪኩን ፍጻሜ አሳምረው ያውቁታል፤ የተቆጡትም የሚያውቁት ክፍል ሳይታይ ሊቀር ስለሆነ ነው። ተከታዩ ተሠራላቸው።

ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች የሚጠብቀው አሠራሩን ነው። የማሃባራታን የዛራ ጨዋታ እንውሰድ። ንጉሥ ዩዲሽቲራ ሀብቱን ከተበላ በኋላ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ያሲዛል፦ ናኩላ፣ ሳሃዴቫ፣ አርጁና፣ ቢማ። ቀጥሎ ራሱን፣ በመጨረሻም ሚስታቸውን ድራውፓዲን። መልእክተኛ መጥቶ «ተሸንፈሻል» ሲላት ጥያቄ አስይዛ ትመልሰዋለች፦ አስቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ራሱን ያጣ ሰው ሌላውን የማስያዝ መብት ከየት ያመጣል? አዳራሹ በሽማግሌና በሊቅ የተሞላ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ግን ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጣት የለም። ታላቁ ቢሽማ እንኳ የሕግ ነገር ረቂቅ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከዚያ ከአሸናፊዎቹ ወገን የሆነው ዱሻሳና ሊያዋርዳት ሳሪዋን፣ ገላዋ ላይ የተጠመጠመውን ረጅም ልብስ፣ ይጎትታል፤ ጨርቁም አያልቅም። እዚህ ላይ ለካሜራ ባለሙያ ተራ ግን ከባድ ጣጣ አለ። እውነተኛ ሳሪ ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጥቂት ሰከንድ ተጎትቶ ያልቃል። ስለዚህ ትዕይንቱ ይቆራረጣል፦ የሚጎትተው እጅ ለብቻ፣ የሴቲቱ ፊት ለብቻ፣ መሬት ላይ የሚቆለለው ጨርቅ ለብቻ። ተአምሩን የሚያሳምነው የጎታቹ ላብና የክንዱ መዛል ነው፤ ጨርቁ ምንም ያህል ቢረዝም ጎታቹ ካልደከመ የጠንቋይ ጨዋታ ይመስላል። ሌላው የተለመደ ጥፋት መቸኮል ነው። ጥያቄዋ በአዳራሹ ዝምታ ውስጥ በቂ ጊዜ ሳያገኝ ተአምሩ ከደረሰ፣ ተመልካች ተአምሩን አይቶ የሽማግሌዎቹን ውርደት ይረሳዋል። የቾፕራ ድራማ እዚህ ላይ አልቸኮለም። 94 ክፍል በ45 ደቂቃ ገደማ ሲባዛ ወደ 70 ሰዓት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ የሦስት ሰዓት ፊልም ውስጥ ቦታ አያገኝም።

«ዋናውን መጽሐፍ ትተው የራሳቸውን ፈጠሩ»

ዋናው የቱ? ማሃባራታ 18 መጻሕፍት፣ በተለምዶ 100,000 ጥንድ ስንኝ ይባላል። ፑኔ ከተማ ያለው የባንዳርካር ተቋም ከ1919 እስከ 1966 ድረስ ከ1,200 በላይ የእጅ ጽሑፎችን አስተያይቶ ያሳተመው ቅጂ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ሕዝቡ የሚወዳቸው በርካታ ስንኞች ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወርደዋል። የወንድማማቾቹ ተቀናቃኝ፣ የዕውሩ ንጉሥ ልጅ ዱርዮዳና ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ድራውፓዲ «የዕውር ልጅ ዕውር» ብላ ሰደበችው የሚባለውም በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ በተጻፈው ድርሰት የለም። ሳቅ አለ፣ ስድቡ ግን የኋላ ዘመን ነው። የራማ ወንድም ላክሽማና ለራማ ሚስት ለሲታ «ከዚህ እንዳታልፊ» ብሎ ያሰመረላት መስመርም በቫልሚኪ ራማያና አይገኝም፤ ሆኖም በሕንድ የዕለት ንግግር «የላክሽማና መስመር» ማለት የማይታለፍ ወሰን ማለት ሆኗል። ሳጋር መስመሩን አሳይቷል። ባያሳየው ነበር «ጎደለ» የሚባለው። እሱ በዋናነት የተከተለውም ከቫልሚኪ ይልቅ ቱልሲዳስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሕዝቡ ቋንቋ የጻፈውን ነው።

«በሂንዱዎች ለሂንዱዎች ብቻ የተሠራ ነው»

የቾፕራን ማሃባራታ ስክሪፕት የጻፈው ሙስሊሙ የኡርዱ ገጣሚ ራሂ ማሱም ራዛ ነው። አርጁናን የተጫወተውም ፊሮዝ ካን ይባላል። ራዛ «እኔ ጊዜ ነኝ» እያለ የሚተርክ ድምፅ ፈጠረ። በጥንቱ ድርሰት ታሪኩ በተራኪ ውስጥ ተራኪ እያለ ስለሚሄድ፣ ለተመልካች እንዳይምታታ አንድ ዘላለማዊ ተራኪ አበጀለት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ገጸ ባሕርያቱ አባትን «ፒታሽሪ»፣ እናትን «ማታሽሪ» ማለታቸው ነው። ለጆሮ የጥንት ሳንስክሪት ይመስላል፤ የተቀረጸው ግን በኡርዱ ተናጋሪ ቤቶች ከሚባለው «አባጃን» እና «አሚጃን» ነው ይባላል።

ከሕንድ ውጭም እንዲሁ። የ2013ቱ ድራማ በ2014 አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነው ኢንዶኔዥያ በኤኤንቲቪ ሲታይ ተዋናዮቹ እዚያ ሄደው መድረክ እስኪወጡ ድረስ ተወደደ። የጃቫ ሰው ታሪኩን በጥላ አሻንጉሊት ትርኢት ለዘመናት ሲያየው ኖሯል። በጃቫው ትርኢት ድራውፓዲ የአምስት ወንድማማቾች ሚስት አይደለችም፤ የዩዲሽቲራ ብቻ ናት።

«ራማን የተጫወተ ሁሉ ምርጫ ያሸንፋል»

ሲታን የተጫወተችው ዲፒካ ቺክሊያ በ1991 ለቢጄፒ ተወዳድራ ፓርላማ ገባች። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፓርቲ፣ ክፉውን ራቫናን የተጫወተው አርቪንድ ትሪቬዲም ገባ! ራማ ሆኖ የታየው አሩን ጎቪል ግን በ1988 ለኮንግረስ ፓርቲ በአላሃባድ ቀስቅሶ ዕጩው ተሸነፈ፤ እሱ ራሱ ፓርላማ የገባው በ2024 በቢጄፒ ነው።

«በ2020 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ»

በኮሮና ምክንያት ሕንድ በሯን ስትዘጋ ዱርዳርሻን ራማያናን ከማርች 28 ጀምሮ ደገመው። ኤፕሪል 16 ቀን 77 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተገልጾ «በዓለም በብዛት የታየ የመዝናኛ ድራማ» ተባለ። ይሁንና «ማሽ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ የመጨረሻ ክፍል በ1983 ወደ 106 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው። ልዩነቱ ያኛው ማንም ያላየው አዲስ ክፍል ነበር፤ ይኼኛው የ33 ዓመት ዕድሜ ያለው ድግግሞሽ ነው።