ምስክር ወረቀት የሌላቸው ቀላል አውሮፕላኖች በአዲስ አበባ ዙሪያ

አንድ አውሮፕላን ገበያ ከመውጣቱ በፊት አምራቹ ሞዴሉን ይፈትናል። ክንፉ ስንት ጭነት እንደሚችል፣ ሞተሩ ሳይቆም ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ፍጥነቱ ወደ ስንት ሲወርድ ክንፉ መሸከም እንደሚያቆም በሰነድ አስደግፎ ለአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ያቀርባል። ባለሥልጣኑ ካመነበት ለሞዴሉ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ሞዴል የሚወጣው እያንዳንዱ አውሮፕላንም የራሱን የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ይይዛል። ይህን ረጅምና ውድ መንገድ ሳይሄዱ የሚበሩ ቀላል አውሮፕላኖች አሉ። ባለቤቱ ጋራዡ ውስጥ የሠራቸው፣ በሣጥን መጥተው የሚገጣጠሙ፣ የጨርቅ ክንፍ ያላቸው ማይክሮላይቶች፣ እንዲሁም ሄሊኮፕተር የሚመስሉት ጋይሮኮፕተሮች ከነዚህ ወገን ናቸው። ምስክር ወረቀት የለውም ሲባል ግን ከሕግ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ብዙ አገሮች እነዚህን በሌላ፣ ጠበብ ባለ በር ያስገቧቸዋል። ጭቅጭቁ ያለው የበሩ ስፋት ላይ ነው፤ በተለይም በዚያ በር ገንዘብ የከፈለ ተሳፋሪ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ላይ።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከከተማው በስተ ምዕራብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነበር። አውሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን አብራሪው አንድሬ ማዬ ነበር። መንደርደሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሜዳው ራሱ በቂ ነበር። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስና የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሠራ። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ «ፀሐይ» ተባለ። ጣሊያን ወርሮ ሲገባ ዘርፎ ወሰዳት፤ ሮም አቅራቢያ በሚገኝ የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀምጣ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሰው ስለ ፀሐይ ሲያወራ ስለ ቅርስነቷ ያወራል፤ ትክክልም ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገሯ ነው። በዛሬ ቋንቋ ብንመድባት ፀሐይ ምስክር ወረቀት የሌላት፣ በእጅ የተሠራች፣ አንድ ለእናቷ የሆነች ቀላል አውሮፕላን ነች። የሚመሰክርላት የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በዚያን ጊዜ በአገሩ አልተቋቋመም ነበር።

ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት ተመሳሳይ ነገር ሞከረ። የአብራሪነት ትምህርት ለመግባት አመልክቶ በቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር አንሰሃል ተብሎ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ሥራው 570 ቀናት ስለፈጀ ኬ-570ኤ አላት። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ፣ 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያስነሳት ሲሞክር ፕሮፔለሩን የሚይዘው ክፍል ተበላሽቶ ከመሬት ሳትነሳ ቀረች። ያን ጊዜ ወሬው ስለ ልጁ ጽናት ነበር። የሞተሩን ጉልበት ቁጥር ያነሳ ሰው ግን ብዙ አልሰማሁም፤ ቁጥሩ ደግሞ የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው።

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው የሚተነፍሰውን ያህል ነውና ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ ሲነሳ 30 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። ፕሮፔለሩም የሚጨብጠው አየር ያንሰዋል፤ ክንፉም እንዲሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መሮጥ አለበት፤ ለመሮጫው ደግሞ ያለው ጉልበት ያነሰ ነው። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ 150 ሜትር ሜዳ ይበቃዋል የተባለ ማይክሮላይት ሱሉልታ ላይ እጥፉን ቢጠይቅ አይገርምም። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው።

ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በኅዳር ማለዳ፣ ሙቀቱ 5 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለ ሜዳ ለአውሮፕላኑ 2,700 ሜትር ገደማ ሆኖ ይሰማዋል። በዚያው ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲደርስ 3,350 ሜትር ገደማ ይሆንበታል፤ የእንጦጦን ጫፍ ያልፋል ማለት ነው። ሜዳው ያው፣ አብራሪው ያው፣ አውሮፕላኑ ግን ሌላ። በዚህ ላይ ረፋዱ ሲያልፍ ከእንጦጦ፣ ከወጨጫና ከየረር ተዳፋቶች የሚነሳው ነፋስ ቀላል ክንፍን እንደ ቅጠል ያንገላታል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለመዝናኛ የሚበር ሰው ዋናው ሰዓቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ናቸው፤ እሱም ክንፉ ላይ ያደረውን ውርጭ ጠርጎ። ስስ ውርጭ እንኳ የክንፉን ቅርጽ ስለሚያበላሽ መሸከሙን ይቀንሰዋል። አትሌቶች ሱሉልታ ሄደው የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ለሯጭ ደም የሚያበዛው አየር ለሞተር ጾም ነው። መፍትሔው ቱርቦ ነው፤ ሮታክስ 914 የመሳሰሉት ሞተሮች በከፍታ ጉልበታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ዋጋቸውም አብሮ ይወጣል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የዓለም አቀፉ ሥርዓት መሠረት በ1937 ዓ.ም. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ነው። የስምምነቱ አባሪ 8 ለትናንሽ አውሮፕላኖች ዝርዝር ደረጃ ማውጣት የሚጀምረው ከ750 ኪሎ ግራም በላይ ካሉት ነው። ከዚያ በታች ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደ ራሱ ያስተዳድራል፤ ሌላ አገር ያንን ፈቃድ የመቀበል ግዴታ የለበትም። በሌላ አገር ልዩ ፈቃድ የሚበር ማይክሮላይት ድንበር ተሻግሮ ለመግባት የሚገባበትን አገር ይሁንታ ይሻል።

አገሮቹ የሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። አሜሪካ አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም የማይበልጥ አልትራላይት ያለ ምዝገባና ያለ አብራሪ ፈቃድ እንዲበር ትፈቅዳለች፤ ለመዝናኛ ብቻ እስከሆነ ድረስ። በቤት የሚሠራ አውሮፕላን ደግሞ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ አማተሩ ራሱ ለመማሪያው ወይም ለመዝናኛው መሥራት አለበት፤ «የ51 በመቶ ደንብ» የሚሉት ይህን ነው። አብሮ የሚበር ሰው ካለ አውሮፕላኑ የሙከራ መሆኑ ሊነገረው ይገባል፤ ማስከፈል ግን ክልክል ነው። ለእኛ የበለጠ ትምህርት ያለው የደቡብ አፍሪካ መንገድ ይመስለኛል። እዚያ የሞዴል ምስክር ወረቀት ለሌላቸው አውሮፕላኖች ራሱን የቻለ ደንብ አለ። የደንቦቹ ክፍል 94 አጠቃላይ በረራቸውን፣ ክፍል 96 ደግሞ ለንግድ ሲውሉ ያለውን ይገዛል። ንግዱን ዝም ብሎ ከመከልከል የራሱ ክፍል ሰጥተው በዓይን እንዲታይ አድርገውታል። ክልከላ ብቻ ባለበት አገር ነገሩ «ለነዳጅ ብቻ አዋጣ» በሚል ስም በጓሮ ይሠራል።

በኢትዮጵያ መሠረቱ የሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ነው። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላን ይመዘግባል፤ ተመዝጋቢው «ኢቲ» የሚለውን ምልክት ይይዛል። ብቁነቱንም አብራሪውንም የሚፈቅደው ይኸው ባለሥልጣን ነው። ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ የሚያጓጉዝ ድርጅት ደግሞ ከአውሮፕላኑ ወረቀት በተጨማሪ ለድርጅቱ የሚሰጥ የኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ከሁሉም ይከብዳል። ድርጅቱ የጥገና ሥርዓት፣ ኃላፊነት የሚወስዱ ሰዎች፣ የሥልጠና መመሪያና መድን እንዳለው የሚያሳይ ነውና፣ አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ በሠራው አውሮፕላን ሊያሟላው አይችልም።

እኔ በዚህ ላይ የማቅማማው ነገር የለም። የራሱን አንገት ይዞ የሚወጣ ሰውና ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አንድ አይደሉም። ገንቢው እያንዳንዱን ብሎን ያውቀዋል፤ የቱ እንዳስጨነቀው፣ የቱን ሁለት ጊዜ እንዳጠበቀው ያውቃል። ተሳፋሪው የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነው። የሮታክስ ኩባንያ ራሱ ለሞተሮቹ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ሞተሩ በድንገት ቢቆም በሰላም ማረፍ በማይቻልበት ቦታና ከፍታ አትብረር ይላል። ይህን መስመር ይዘን ከአዲስ አበባ ዳር ቆመን ዙሪያውን እንይ።

ለመሆኑ የት ይታረፋል? ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ የትናንት እርሻቸው ዛሬ ቤት ነው። በቀረው ሜዳ ላይ የባሕር ዛፍ አጥር፣ የከፍተኛ ኃይል መስመርና የቴሌ ማማ አለ። ጤፍ ከታጨደ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በሰንዳፋና በዱከም በኩል ማሳው ደርቆ ይጠነክራል፤ ትንሽ ጎማ ይችላል። በክረምት ያው ማሳ ጥቁር ዋልካ ይሆናል። ዋልካ የገባ ጎማ ይያዛል፤ ጎማው የተያዘ ቀላል አውሮፕላን ደግሞ በአፍንጫው ይደፋል።

ሰማዩም ነፃ አይደለም። ቦሌ በአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ነው፤ ጄቶቹ ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚገቡበት መስመር ከተማውን ያልፋል። በደቡብ ምሥራቅ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቢሾፍቱ ለቀላል አውሮፕላን ከሁሉም የሚሻል አየር ነበራት፤ ነገር ግን የአየር ኃይሉ ሐረር ሜዳ እዚያ ነው፤ አቡሴራ ላይ የታቀደው ግዙፍ አዲስ አየር ማረፊያም እዚያው አጠገብ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ዋናው አየር ማረፊያ የነበረው የድሮው ልደታ በከተማ ተውጧል። እንግዲህ ለመዝናኛ በራሪ ከታወር ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚንሳፈፍበት ቦታ ለማግኘት ከአዲስ አበባ ራቅ ማለት ግድ ነው፤ ከሰሜን በኩል ሲርቅ ደግሞ መሬቱ ከፍ ይላል፣ አየሩም ይሳሳል።

የነዳጁ ነገር አጭር ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች በመኪና ቤንዚን ይሠራሉ፤ ይህ ትልቅ ጥቅማቸው ነው። ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን ውስጥ ግን ከፊንጫ የሚመጣ ኤታኖል የተቀላቀለበት ጊዜ ነበር። ኤታኖል የቆየ ጎማና ማሸጊያ ይበላል፤ ውኃም ይስባል። የሮታክስ ሞተር እስከ 10 በመቶ ይችላል፤ ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ ካርቡሬተር ላይ እምነት መጣል ግን አይቻልም።

ለንግድ ይውል የነበረው ሥራም መልኩን እየለወጠ ነው። የእርሻ መርጨቱ ሥራ በትክክለኛው መንገድ የሚሠራ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ ዓ.ም. «እሸት» ብሎ የገጣጠመው የሽዋይዘር አግካት ምስክር ያለው ሞዴል ነበር። ፎቶ ማንሳትን፣ መሬት መለካትን፣ የሠርግ ቪዲዮን ድሮን ወስዶታል። ድሮኑም ቢሆን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አገር አይገባም። ለማይክሮላይት የሚቀረው ቱሪስት ማንሸራሸርና ማሠልጠን ነው። ሁለቱም ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ሌላ ሰው ከኋላው መቀመጫ ላይ የሚቀመጥባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲሆኑ የሚሸከመው የሰው ክብደት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከሰዓት በኋላ በሱሉልታ አየር የማይነሳው አውሮፕላን ያ ነው።