የጅማ ቡና፦ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው ማሳ

ጅማ ውስጥ ገበሬ ሀብቱን ሲናገር ሄክታር አይጠራም። «ይህን ያህል እግር ቡና አለኝ» ነው የሚለው። ስለ ጅማ ቡና ብዙ ተጽፏል፤ ማሳው ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚያልፍ ግን ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። እኔም ከቤተሰቤ የሰማሁትንና ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ዞኑ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዋናዎቹ የቡና ወረዳዎች ጎማ፣ ማና፣ ጌራ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ሊሙ ሰቃ፣ ሸቤ ሶምቦና ሰቃ ጨቆርሳ ናቸው። ቡናው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ስር ይበቅላል። ከጎኑ በቆሎ፣ ጎደሬና እንሰት አለ፤ እንደ ጌራ ባለ ደን አካባቢ ደግሞ የንብ ቀፎ አይጠፋም።

ቡና የተገኘው የት ነው ለሚለው፣ እኛ ያደግነው ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው ሲባል እየሰማን ነው። ከፋዎች እነሱ ዘንድ ያለው ማኪራ ነው ይላሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም እዚያው ከፋ፣ ቦንጋ ነው የተሠራው። ለእኔ ጮጬ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል፤ በእሳቸው ዘመን ንግዱ ደርቶ ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጥቶ ሄደ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥ ከለከለ። በሊሙና በጎማ የመንግሥት የቡና እርሻዎችም ተቋቋሙ።

ትልልቆቹ ሰዎች በደንብ የሚያስታውሱት ግን በሽታውን ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ነጥቡ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ፍሬው ወይ ይረግፋል ወይ እግሩ ላይ እንዳለ ይደርቃል። የአባት ቡና ዓይን እያየ አለቀ ማለት ነው። ያኔ የደረሰልን መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ባለውለታችን ነው ብል አላፍርም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተ ማዕከል ነው። ባለሙያዎቹ በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ፣ በበሽታ በተመታ ቡና መሃል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች መረጡ፣ ዘራቸውን ወስደው ፈተሹ። 741፣ 74110፣ 74112 እና 74148 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የመጡት እንዲህ ነው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። 74110 እና 74112 ቁመታቸው አጠር፣ ቅርንጫፋቸው ጠቅጠቅ ያለ ነው። ዛሬ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ሰው ስም የሚጠራ ገበሬ ብዙ ነው።

ሙያው የሚተላለፈው በእጅ ነው። ልጅ መጀመሪያ ዝንጀሮ ይጠብቃል፣ ከዚያ የቀላውን ብቻ መልቀም ይማራል፣ ጉንደላ፣ ማለትም ያረጀውን ቡና ቆርጦ ማደስ፣ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ያረጀው ግንድ ከመሬት ክንድ በማይሞላ ከፍታ ይቆረጣል። አያቴ ቁርጡን አዘንብለው ነበር የሚያወጡት፤ ውሃ ከቆመበት ግንዱ ይበሰብሳል ይሉ ነበር። ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለት ሦስቱ ይቀራሉ። በሁለት ሦስት ዓመት እንደገና ያፈራል። አያቴ የተከሉትን አባቴ ጎንድሎታል፣ አሁንም እየለቀምነው ነው።

ችግሩ ክፍፍሉ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ማሳ ይቆረስለታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቋሚ ተክል ያለበት መሬት ከሩብ ሄክታር በታች እንዳይከፈል ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ወንድማማቾች አብረው ይይዙታል፣ ወይ በቃል ብቻ ይካፈሉታል፤ ጠቡም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሴት ልጅ በሕግ እኩል ወራሽ ናት፤ ብዙ ቤት ውስጥ ግን ድርሻዋን ለወንድሞቿ ትተዋለች። ይሄ ቢስተካከል ደስ ይለኛል።

ማሳው ሲጠብ ደግሞ ጫት ይገባል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ቡና ግን የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፣ አዲስ ችግኝም እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ወጣቱን በዚህ መውቀስ አልችልም። ያም ሆኖ ለቀማው ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከተማ የገባውም ልጅ ተመልሶ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ ታገኘዋለህ።